«ላኪ» ያሉኝ ሴት

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ስልኬን ደጋግሜ አይ ስለነበር ነው። መውረድ የነበረብኝ ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ አጠገብ ነው። ማደያው መጣ። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ማደያው አለፈ። ሰማያዊው በርም በመስኮቱ በኩል አለፈ፤ በዓይኔ ሸኘሁት።

ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ቤተሰቤ ከጉለሌ ወጥቶ ቡራዩ ቤት ከተከራየ ጀምሮ በሚኒባስ የምመላለሰው እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል እጠብቃለሁ፣ እሱ በወረደበት እወርዳለሁ፣ የቀረውን በእግሬ እጨርሳለሁ። እናቴ ጫማዬ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የዚያን ቀን ግን ማንም ወራጅ አላለም። መጨረሻው ላይ ደረስን፣ ሁሉም ወረደ፣ እኔም ወረድኩ። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሴት ከኋላዬ ወርደው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ ማደያው ጋ አልነበረም የምትወርጂው?»

ደነገጥኩ። «እንዴት አወቁ?»

ጎንበስ ብለው ጫማዬን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው እጄን፣ ከዚያ ፊቴን። «ይህ የቡራዩ ጭቃ ነው። ጣትሽ ላይ የኬሚካል ጠባሳ አለ። ስለዚህ ተማሪ ነሽ፤ ስለዚህ ወደ ሰማያዊው በር ነው የምትሄጂው።»

እንዲህ ያለ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

«ውሸቴን ነው። ከጭቃ ምንም አይታወቅም፣ ጭቃ ሁሉ ጭቃ ነው። ፋይልሽ ላይ በትልቁ ጽፈሻል። ‹የአሻራ ልምምድ፣ ሱሉልታ፣ ሰማያዊ በር።› በሩ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልወረዱም?»

«አንቺ ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ።»

አብረን ወደ ኋላ ተመለስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የሚሮጡ ልጆች በአጠገባችን እያለፉ እንፋሎት ይተነፍሳሉ። ሴትየዋ ሳይቸኩሉ እየሄዱ እንዲህ አሉኝ፦ «ዓይንሽ ማደያውን አይቷል። እጅሽ ቦርሳውን ይዟል። እግርሽ ተዘጋጅቷል። አፍሽ ብቻ ነው ያልመጣው። ግድ የለም፣ እናመጣዋለን።»

አዴ ጫልቱን፣ በአማርኛ ወይዘሮ ጫልቱ እንደማለት ነው፣ ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ታምራት ደውሎ «ሰማያዊው በር ተቆልፏል» አለኝ። «ምን ሆኑ?» አልኩት። እሱም ቶሎ ብሎ ነገሩን አብራራ። አዳማ ያለችው ልጃቸው መንታ ወልዳለች፤ አዴ ጫልቱም የመንታ አሻራ እንደሚለያይ ሠላሳ ዓመት ሲናገሩ ኖረው በገዛ ዓይናቸው ሳያዩ እንዳይቀሩ ብለው ሄደዋል። መቼ እንደሚመለሱ አልተናገሩም። ለጎረቤት የተዉት መልእክት «የጨቅላ ጣት ትንሽ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል» የሚል ነው። ስቄ ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያ ግን ያ በር ተዘግቶ ታየኝና ስለ እሳቸው መጻፍ አማረኝ።

ፎረንሲክ ሳይንስ፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃ ምርመራ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ልማር ስል የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ነበር። ፎረንሲኩን ለምን እንደመረጥኩት ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ልናገር። ሰው የሌለበት ሥራ መስሎኝ ነው። ነጭ ካፖርት፣ ማይክሮስኮፕ፣ ጸጥ ያለ ክፍል። ለዝምተኛ ሰው ተብሎ የተሠራ ሙያ ነው ብዬ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ዶክተሩ የምንላቸው፣ ቦርዱ ላይ አንድ ሥዕል ሣሉ። ከወንጀሉ ቦታ ተነስቶ በላቦራቶሪው በኩል የሚያልፍ ቀስት ነው። የቀስቱ ጫፍ ያረፈው አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ነበር። «ይህ የምስክር ሳጥን ነው» አሉ። «ሁላችሁም መጨረሻችሁ እዚህ ነው። ቆማችሁ ትናገራላችሁ።» ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አዴ ጫልቱ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የአሻራ ክፍል ውስጥ ሠርተው፣ ኢንስፔክተር ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የተግባር ልምምድ እንዲያስተምሩ ሲጠይቃቸው «የእናንተን ፎቅ ደረጃ መውጣት ጉልበቴን ይበላዋል» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ እኛ ሐሙስ ሐሙስ ሱሉልታ እንሄድ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ብሩሽ፣ የአሻራ ዱቄትና ቁጥሩ የማይታወቅ ብርጭቆ አለ። እንግዳ ሻይ ጠጥቶ ሲሄድ ብርጭቆው አይታጠብም፤ ለእኛ ይቀመጣል።

ሰው ሲጨብጡ «አካም ቡልቴ» እያሉ የሰውየውን አውራ ጣት ወደ ብርሃን ያዞሩት ነበር። ሳያስቡት ነው የሚያደርጉት። ሰፈርተኛው ለምዶታል፤ አንዳንዱ ገና ከሩቅ ጣቱን እያሳየ ይመጣል። ብዙነሽ የምትባል ወተት ሻጭ ነበረች፤ አውራ ጣቷን ደጋግመው ስለሚያትሙት የማይለቅ ቀለም አለበት፤ «አዴ ጫልቱ እኔን በምርጫ ድምፅ ከሰጠ ሰው አስመሰሉኝ» ትል ነበር። እሳቸው ራሳቸው ማንኛውንም ብርጭቆ የሚያነሱት በከንፈሩ በኩል፣ በሁለት ጣት ነው። ሰርግ ቤት እንኳ እንዲህ ይዘው አይቻቸዋለሁ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ያየሽውን በብዕር፣ የገመትሽውን በእርሳስ። ደብተር የሚያርሙት ይህን ብቻ እያዩ ነው። በሁለተኛው ሐሙስ የእኔን ገልጠው ገልጠው አዩት።

«ይህ ሁሉ እርሳስ ነው። አንቺ ምንም አላየሽም እንዴ?»

«አይቻለሁ፤ ግን... ይመስለኛል ብዬ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አሳዩኝ። «ይህ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አለ?»

«የለም፣ ይመስለኛል።»

ክፍሉ ሳቀ። «ግልብጪው» አሉኝ። ገለበጥኩት። ጠብታ አልወጣም።

«አሁንስ?»

«የለም።»

«ገላቶሚ» ብለው ምርቃት የመሰለ ምስጋና ሰጡኝ። «በይ ይህን በብዕር ጻፊው።» ጻፍኩት። ያ ገጽ አሁንም አለኝ። «ብርጭቆው ውስጥ ውሃ የለም» ይላል፣ ከሥሩ ቀን አለው።

የልምምድ ጓደኛዬ ታምራት ነበር። ከደቡብ መጥቶ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ሲሠራ የቆየ፣ እሁድ በመዘምራን ውስጥ የሚያገለግል ልጅ ነው። ሹክ ሲል አጥር አልፎ ይሰማል። እግዚአብሔር ድምፅ ሲያድል የእኔን ድርሻ ለእሱ ደርቦ ሰጥቶታል፤ ይህ በእርሳስ ነው። አብረን ስንሠራ እኔ አያለሁ፣ እሱ ይናገራል። የተመቸን መስሎን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገፈርሳ ወሰዱን። ከግድቡ አጠገብ ያለው ጭቃ ላይ የእግር ዱካ በጀሶ ማንሳት እየተለማመድን፣ ጀሶው እስኪደርቅ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ፣ ታምራት «አዴ፣ ተሳስተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ተሳስቼስ አላውቅም» አሉ። «ዝም ብዬ ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ እየጠቆሙ ይህን ነገሩን። «የረድኤትን ዕድሜ ያህል ነበርኩ። አንድ የሰበታ ዘበኛ ከሚጠብቀው ፋብሪካ ሰርቋል ተብሎ ተያዘ። አሻራውን ያየሁት እኔ ነኝ። ብዙው ገጠመ፤ አንድ መስመር አልገጠመም። አለቃዬ ‹ገጠመ አይደል?› አለኝ። ‹ልዩነት ያለ ይመስለኛል› አልኩ። ግን ያልኩት ለጠረጴዛው ነው። እሱ ሳይሰማ ፈረመ፤ ሰውዬው አሥራ አንድ ቀን ታሰረ።»

«በአሥራ ሁለተኛው ቀንስ?» አለ ታምራት።

«በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ቆሜ ጮህኩ። ከላይኛው ፎቅ ሁሉ ወረዱ። እንደገና ታየ፣ ሰውዬው ተፈታ።»

«አሁን የት ነው ያለው?» አልኩ እኔ። የጠየቅሁት ቀስ ብዬ ነው፤ እሳቸው ግን ሰሙኝ።

«አለ። ድንች ይወዳል» ብለው ተነሱና ጀሶውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

የትምህርቱ ማብቂያ ምስለ ችሎት ነበር። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ የሐሰት መዝገብ ይሰጣል። ጥንዱ መርምሮ ሪፖርት ይልካል፤ በችሎቱ ቀን ከሁለቱ አንዱ ተጠርቶ እንደ ባለሙያ ይመሰክራል። የሕግ ተማሪዎች ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ይሆናሉ፣ ዶክተሩ ዳኛ ናቸው። ደንቡ ላይ «በጽሑፍ የሰጠውን በቃል የሚያፈርስ ባለሙያ ይወድቃል» ይላል። የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ እንድጀምር ቦታ የያዘልኝ ላቦራቶሪ ነበር፤ ካልጨረስኩ ቦታው ለሌላ ነው።

የእኛ መዝገብ ውስጥ ከመስኮት መስታወት ላይ የተነሳ አንድ አውራ ጣት አለ፤ በሌላ ካርድ ላይ ደግሞ «ተከሳሽ» ከሚል ቃል ሥር በቀለም የታተመ አውራ ጣት። ዘጠኝ ቦታ ገጠመ። ታምራት ዘጠኙም ላይ ቀይ ነጥብ አደረገ። እኔ ግን መሐል ላይ አንድ መስመር አየሁ። መስታወቱ ላይ ያለው መስመር ወደ ላይ ሄዶ እንደ መንታ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። የተከሳሹ ላይ ሳይከፈል ቀጥ ብሎ ያልፋል።

«ልዩነት ያለ ይመስለኛል» አልኩ።

«ዱቄት ተደራርቦ ነው ረዲ። ዘጠኝ ገጥሞ?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ይመስልሻል ወይስ አለ?»

ሪፖርቱ ላይ «አሻራው የተከሳሹ ነው» ብለን ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን። እኔ ብቻዬን ስቀር ገጽ ሦስት ላይ በትንንሽ ፊደል አንድ የግርጌ ማስታወሻ አስገባሁ። «በአንድ ቦታ ላይ ልዩነት ያለ ይመስላል።» ሕሊናዬን በዚያች ሸፈንኩት።

መላኪያው ቀን ሰኞ ነበር፣ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቡራዩ አንድ የብረት በር መበየጃ አጠገብ ቆሜ ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። እዚህ ብረት ይፈጫል፣ እዚያ እሳቸው የሱሉልታ ገበያ መሐል ናቸው፣ አህያ ይጮኻል።

«አዴ፣ አንድ መስመር ከንክኖኛል። ሪፖርቱ ይላክ?»

«ላኪ» አሉኝ።

«እንዲሁ?»

«ላኪ፣ ላኪ እኮ ነው የምልሽ።»

በዚያው ስልክ ላክሁት። እሳቸው ባሉት ቁጥር እጄ ይፈጥን ነበር። ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ «ቆየሽ አይደል? ሳላየው እንዳይሄድ» ሲሉ ሰማሁ።

ላኪ በኦሮምኛ አይሆንም፣ አይደለም ማለት ነው። ቡራዩ እየኖርኩ፣ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ እየሰማሁት፣ ጠፍቶኝ አልነበረም። ግን ላኪ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ካሉኝ ነገሩ ከእጄ ይወጣል፣ ከማንም ጋር መከራከር አይኖርብኝም። ስለዚህ በአማርኛ ሰማሁት።

«አዴ፣ ላክሁት እኮ። ላኪ ሲሉኝ...»

ያ ትከሻ የሚያንቀጠቅጠው ሳቅ መጣ። «የምን ጉድ ነው» አሉ፣ «እናቴ ለአስተርጓሚ ድራኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልመጣ።» ሳቃቸው ሲያልቅ ድምፃቸው ተለወጠ። «ስሚኝ። ጆሮሽ የፈለገውን ነው የሰማው። ዓይናችሁም ካርዱ ላይ ‹ተከሳሽ› የሚለውን አይቶ የፈለገውን ነው ያየው። ነገ ተመልሳችሁ መስታወቱን እዩት። ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።»

«ሌላ ሪፖርት ልላክ?»

«የላክሽው ደርሷል። ችሎት ላይ ታርሚዋለሽ።»

«እወድቃለሁ እኮ።»

«ምናልባት» አሉ። «እሱ ገና በእርሳስ ነው።»

ማክሰኞ መስታወቱን ብቻ አየነው። መብራቱን ከጎን አድርጌ አነሳሁት፣ ቀጥሎ ከላይ አድርጌ አነሳሁት። በሁለቱም መስመሩ ለሁለት ተከፍሏል። ታምራት አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠ። «ድምፅ ያለኝ እኔ ነኝ» አለ። «ከጠሩኝ እኔ እናገራለሁ። ብወድቅም እኔ ልውደቅ።» ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ወረቀቱን አይተው «ረድኤት ትመስክር» አሉ።

ተከሳሹ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ በየዓመቱ ከሰበታ መጥተው ተከሳሽ የሚሆኑት እሳቸው እንደሆኑ ሰምተን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ቡናማ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዐቃቤ ሕጉን፣ ጠበቃውን፣ ጸሐፊውን «አካም ኦልታኒ» እያሉ አንድ በአንድ ጨበጡ። ከዚያ ፖሊስ የሆነውን ተማሪ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካቴና የለም እንዴ ዘንድሮ?» ብለው ጠየቁት።

«የለም አባባ።»

«አምና ነበር። ያለ ካቴና ማን ያምነኛል?»

አዴ ጫልቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ እግራቸው ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

ተጠራሁ። ሳጥኑ ውስጥ ቆምኩ። ዐቃቤ ሕጉ የተዋሰው ካባ እየረዘመበት ቀረበ።

«ወይዘሪት ረድኤት፣ በዚህ ሪፖርት ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ለፍርድ ቤቱ በአንድ ቃል ይንገሩልን። በመስታወቱ ላይ የተገኘው አሻራ የተከሳሹ ነው?»

ያ ማደያ በመስኮት ሲመጣ ታየኝ። አዴ ጫልቱን አየሁ። እኔን አያዩም፤ ልክ እንደ ሚኒባሱ ቀን ወደ ውጭ እያዩ ይጠብቃሉ። ኦቦ ገመቹን አየሁ። ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ አውራ ጣታቸው ወደ እኔ ዞሯል።

«ላኪ» አልኩ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «ምን ይላክ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ገመቹ የሳጥኑን እንጨት በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«አይደለም ማለቴ ነው» አልኩ። «አሻራው የተከሳሹ አይደለም። ሪፖርቱ ስህተት ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገለጠ። «ዘጠኝ ቦታ ገጥሟል ብለው ጽፈዋል።»

«ጽፌያለሁ።»

«አንድ መስመር ዘጠኙን ይሰርዛል?»

«የአንድ ሰው ጣት ላይ ያለ መስመር አንዴ ተከፍሎ፣ አንዴ ሳይከፈል አይገኝም። በመጀመሪያ ዱቄት ነው ብለን አለፍነው። በኋላ በሁለት ዓይነት ብርሃን አነሳሁት፤ በሁለቱም ተከፍሏል። ፎቶዎቹ እነዚህ ናቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት ወይስ ይመስልዎታል?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ደንቡን አነበቡ።

«ይህን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በጽሑፍ የሰጠውን በቃል የሚያፈርስ ይወድቃል ይላል። የሚያርም ይወድቃል አይልም። ለሪፖርቱ የምሰጣችሁ ነጥብ አያስደስታችሁም። ለምስክርነቱ ግን አልፋለች። ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት።»

ኦቦ ገመቹ ከሳጥኑ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያኔ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባችሁ ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ግማሽ ሰዓትም አልሞላ። እየተሻሻላችሁ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወደ አዴ ጫልቱ ዞርኩ። ከረጢቱን እያንጠለጠሉ መጡና ለኦቦ ገመቹ ሰጧቸው። ድንች ነው።

«ይወዳል ብያችሁ አልነበር?» አሉ።

ኦቦ ገመቹ ከረጢቱን እየመዘኑ ነገሩን ጨረሱልን። ከተፈቱ በኋላ አንዲት ወጣት ፖሊስ ሰበታ ቤታቸው ድረስ መጥታ በር ላይ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፣ ሄደች። በሳምንቱ ደግማ መጣች። «ባለቤቴ ‹ይህች ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?› አለችኝ» አሉ። «ይቅርታ ያለችኝ በሦስተኛው ነው። እሱንም የተናገረችው ለበሩ ነው። ዛሬ እንዲህ አፏ ሊፈታ።»

«በቃህ ገመቹ» አሉ አዴ ጫልቱ። ፊታቸው ቀልቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የመስታወቱ አውራ ጣት የማን ነው ታዲያ?» አለ ታምራት።

«የብዙነሽ። ከገመቹ ጋር የሚቀራረብ ጣት ፍለጋ ሰፈሩን ሁሉ ስጨብጥ ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው እሷ ትከሰስ።»

«እሷ የምትከሰሰው ወተቱ ላይ በምትጨምረው ውሃ ነው» አሉና ሁላችንንም አሳቁን።

ዛሬ ታምራት የተቃጠሉ መኪናዎችን እየመረመረ እሳቱ ከየት እንደተነሳ ለኢንሹራንስ ይናገራል፤ ድምፁ ለዚያም ተርፏል። ከክፍላችን አንዷ ባንክ ውስጥ የፊርማ መርማሪ ናት፣ ሌላዋ ለፖሊስ ሠልጣኞች ታስተምራለች። እኔ ቦታ በያዘልኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ እውነተኛ ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። ከእያንዳንዱ በፊት አንድ ብርጭቆ ገልብጬ አያለሁ።

የዚያን ቀን ልንለያይ ስንል አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዙኝ። «ገጽ ሦስት ላይ አንድ ቃል አለ። ነገ ጠዋት አርመሽ አምጪልኝ።»

«ዶክተሩ እኮ ነጥብ ሰጥተው ጨርሰዋል።»

«ለዶክተሩ አይደለም። ለእኔ ነው።»

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ቡራዩ ፎቶ ኮፒ ቤት እስኪከፈት ጠብቄ ገጹን አረምኩት። «ልዩነት ያለ ይመስላል» የሚለውን አጥፍቼ «ልዩነት አለ» ብዬ አሳተምኩት። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝኩ። ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤ መኪናው ሞልቷል፣ ሬዲዮ ይጮኻል። ከተማው ሲቃረብ እስከ ሦስት ቆጠርኩ፣ ከዚያ አልኩት።

«ወራጅ አለ።»

ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ረዳቱ ጆሮውን እያሸ «ቀስ በይ እህቴ፣ መኪናው ጆሮ አለው» አለኝና በሩን ከፈተ። ወረድኩ። ቀና ስል ማደያው የለም፣ ሰማያዊ በርም የለም። በግራ ሣር የተከመረበት ማሳ ነው፣ በቀኝ አጥር። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሜያለሁ።

ረዳቱም ገባው። አንገቱን አውጥቶ «እዚህ እኮ ምንም የለም። ተመልሰሽ ትገቢያለሽ?» አለኝ።

«ላኪ» አልኩት።

ምን ልላክ አላለኝም። በሩን ዘጋ፣ መኪናው ሄደ፤ እኔም ገጽ ሦስትን ደረቴ ላይ ይዤ መንገድ ዳር ከሚሮጡት ልጆች ጋር ወደ ፊት መራመድ ጀመርኩ።